ከሥልጠና እስከ መጀመሪያው ደመወዝ፦ የቴክኒክና ሙያ ሰልጣኝ የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

ሥራ ፈላጊው ሥራ የለም ይላል፤ ሥራ ተቋራጩ ደግሞ እጁ የተፍታታ ባለሙያ አጣሁ ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። በአገራችን በየዓመቱ ከ2 ሚሊዮን በላይ ወጣት ወደ ሥራ ገበያው እንደሚገባ ይገመታል። ያም ሆኖ የኤሌክትሪክ መስመር ዘርግቶ፣ ራሱ ፈትሾ፣ በኃላፊነት የሚያስረክብ የመካከለኛ ደረጃ ባለሙያ ሲፈለግ በቀላሉ አይገኝም። ይህን የምንጽፈው በሥልጠናና በምዘና ሥራ ላይ ያለን ሰዎች ነን፤ የምንጽፈውም በሁለቱ መሀል ለቆመው ወጣትና ለወላጆቹ ነው። ምሳሌውን በአብዛኛው ከሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ እንወስዳለን። የልብስ ስፌት፣ የብረታ ብረትና የቧንቧ ሥራ ሰልጣኝም የራሱን ሙያ በቦታው እያስገባ ሊያነበው ይችላል።

በመጀመሪያ ሥርዓቱ እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ሥልጠናውን በውጤት ላይ እንዲመሠረት አደረገው። ዋናው ጥያቄ ሰልጣኙ ስንት ዓመት ተማረ የሚለው ቀርቶ ምን መሥራት ይችላል የሚለው ሆነ። ለእያንዳንዱ ሙያ የሙያ ደረጃ፣ ማለትም ባለሙያው ምን መሥራት መቻል እንዳለበት የሚዘረዝር ሰነድ፣ ተዘጋጀ፤ የሙያ ደረጃው በብቃት አሃዶች፣ ማለትም በተናጠል በተዘረዘሩ የሥራ ክፍሎች፣ ተከፋፈለ። የሥልጠናው ሰዓት 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ታሰበ፤ የተግባሩ ጉልህ ክፍል ደግሞ በድርጅት ውስጥ በትብብር ሥልጠና እንዲሸፈን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 954 ይህንኑ ሕጋዊ መሠረት ሰጠው። በ2014 ዓ.ም. የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲቋቋም ሥልጠናው፣ የሥራ ዕድል ፈጠራውና የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አንድ ጣሪያ ሥር ገቡ። አሳቡ መልካም ነው፤ እኛም የምንሞግትለት ነው።

ወደ ተቋማቱ የሚገባው ወጣትም ተለውጧል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ወጣት ወደ ቴክኒክና ሙያ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ስላመለጠው ነው፤ ሙያውን መርጦ የሚመጣው ጥቂት ነው። ይህ ማንንም ሊያሳፍር አይገባም። ነገር ግን ሙያውን ሳይመርጥ የገባ ሰው የትኛውን የሙያ ደረጃ እንደሚሠለጥን፣ በውስጡ ምን ምን አሃዶች እንዳሉ ሳይጠይቅ ሁለት ዓመት ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት የሙያ ደረጃውን ሰነድ ከአሰልጣኙ ወይም ከዲፓርትመንቱ ጠይቁና ቅጂ ያዙ። ሥልጠናውም፣ ምዘናውም፣ የድርጅት ልምምዱም የሚለካው በዚያ ወረቀት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የትብብር ሥልጠናችን ብዙውን ነገር የወሰደው ከጀርመን ነው፤ የተወሰደበት ቅደም ተከተል ግን ተገለበጠ። በጀርመን ወጣቱ መጀመሪያ ከድርጅት ጋር ውል ይፈርማል፤ ድርጅቱ የልምምድ ክፍያ ይከፍለዋል፤ ትምህርት ቤቱ የሚመጣው ድርጅቱን ተከትሎ ነው። እኛ ዘንድ ተቋሙ መጀመሪያ ይመዘግባል፣ ያስተምራል፣ ከዚያ ሰልጣኙ ደብዳቤ ይዞ የሚቀበለው ድርጅት ፍለጋ ይወጣል። ድርጅቱ ሰልጣኙን አልመረጠውም፤ ሥልጠናው ላይ ምንም አላወጣም፤ ስለዚህ ሰልጣኙን እንደ እንግዳ ያየዋል። እንግዳ ደግሞ ማሽን አይነካም። የአብዛኛው ሰልጣኝ ችግር የሚጀምረው እዚህ ነው ብለን እናምናለን። ፖሊሲው እስኪስተካከል ድረስ ክፍተቱን በከፊል መሙላት የሚችለው ሰልጣኙ ራሱ ነው።

እንዴት? ደብዳቤውን ይዛችሁ አምስትና ስድስት ሆናችሁ አትሂዱ። አነስተኛ ድርጅት ሁለት ሰው ሊቀበል ይችላል፤ ስድስት ሰው ሲያይ ግን ሁሉንም ይመልሳል። ትልቅ ሆቴልና ትልቅ ፋብሪካ ብቻ አትፈልጉ። በትልቅ ድርጅት ሥራው የተከፋፈለ ስለሆነ ሰልጣኙ አንድ ጥግ ይዞ ይቀራል፤ የአራትና የአምስት ሰው ወርክሾፕ ወይም የአንድ ንዑስ ተቋራጭ ቡድን ውስጥ ግን ከመለካት እስከ ማስረከብ ያለውን ሁሉ ያያል። ባለቤቱን ማነጋገር ያለባችሁ ጠዋት ሥራ ሲከፋፈል ሳይሆን ቀዝቀዝ ሲል፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ደግሞም ስትገቡ የሚፈራውን ነገር ቀድማችሁ መልሱለት፦ ዕቃ ብናበላሽ ማን ይጠየቃል? ብንጎዳ ማን ያሳክማል? ስንት ጊዜ እንቆያለን? የደህንነት ጫማና ጓንት ማን ያቀርባል? እነዚህ በተቋሙ፣ በድርጅቱና በሰልጣኙ መካከል በሚፈረመው ስምምነት ላይ መጻፍ አለባቸው። ስምምነቱ ማኅተም ብቻ ያለበት ባዶ ገጽ ከሆነ አደጋ ሲደርስ የሚጎዳው ሰልጣኙ ነው። የጉዳትን ነገር የጻፈ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳይኖር ወደ ሕንፃ ሥራ መግባት የለባችሁም፤ ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

በልምምዱ ውስጥ ዋናው ብልሽት የታወቀ ነው፦ ሰልጣኙ ግድግዳ ሲቀድና ቱቦ ሲሸከም ይከርማል። ቡድኑ ጉልበት ስለሚፈልግ ነው እንጂ ከክፋት አይደለም። መፍትሔው በመጀመሪያው ሳምንት ነው። የብቃት አሃዶቹን ዝርዝር ለተቆጣጣሪው ባለሙያ ሰጥታችሁ፣ "ጋሼ፣ ጉልበቱንም እንሠራለን፤ በሳምንት ግን ከዚህ ዝርዝር አንዷን ሥራ እርስዎ እያዩን እንድንሠራ ይፍቀዱልን" በሉ። አንድ ሥራ በሳምንት ትንሽ ትመስላለች፤ በሦስት ወር ግን 12 ሥራ ነው፤ የደረጃ 2 የሕንፃ ኤሌክትሪክ ተመዛኝ የሚጠየቀውን አብዛኛውን ይሸፍናል። ይህን ጥያቄ የሚያበላሸው ማርፈድ ነው። ጠዋት ያረፈደ ሰልጣኝ ከሰዓት በኋላ ሥራ አሳዩኝ ቢል የሚሰማው የለም።

የልምምድ መዝገቡን በየቀኑ ሙሉት። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ቀለም፣ በአንድ ዓይነት ቃል የተሞላ መዝገብ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቀጣሪም ያውቀዋል። "መብራት ገጠምኩ" ብሎ መጻፍ ምንም አይናገርም። "ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ መብራት፣ በ1.5 ካሬ (ካሬ ሚሊሜትር) ሽቦ፣ በግድግዳ ውስጥ በተቀበረ ቱቦ፤ ኃይል ሳይለቀቅ በመልቲሜትር ፈተሽኩ፤ የመጣው ችግር የጋራ ተርሚናሉን መሳት ነበር" ብሎ መጻፍ ግን በኋላ ለቃለ መጠይቅም ለምዘናም መልስ ይሆናችኋል። ከሥራው ጎን ያየላችሁን ሰው ስምና ፊርማ አስቀምጡ። ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ የሠራችሁትን ከመለሰኑ በፊትና በኋላ በስልክ ፎቶ አንሱ፤ ቱቦው ከተለሰነ በኋላ ሥራችሁን የሚያይ የለም።

ለተቋማትም አንድ ነገር እንላለን። አሰልጣኝ ሰልጣኙን ለመጎብኘት የሚሄደው ብዙውን ጊዜ በልምምዱ መጨረሻ፣ ቅጽ ለማስፈረም ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት አንድ ጊዜ ቢሄድ የተሳሳተ ቦታ የገባውን ሰልጣኝ ለማዛወር ይደርሳል። መንግሥትም በሪፖርቱ ስንት ሰው ሠለጠነ ብሎ ከመቁጠር ይልቅ ስንት ድርጅት ሰልጣኝ ተቀበለ፣ ስንቱስ በሚቀጥለው ዓመት በድጋሚ ተቀበለ ብሎ ቢቆጥር ይሻላል። ሰልጣኝ ለሚቀበል ድርጅት የጉዳት መድን ቢሸፈንለት፣ የተቋሙን ማሽን በተራ እንዲጠቀም ቢፈቀድለት፣ በሩ ይከፈታል። ድርጅት ያለ ምንም ጥቅም ለአገር ሲል ያሠልጥን ብሎ መጠበቅ እስካሁን አልሠራም።

ከሥልጠናው በኋላ ያለው የሙያ ብቃት ምዘና ሲኦሲ በሚለው ስም ነው የሚታወቀው። ሁለት ነገሮች በቅጡ አይታወቁም። አንደኛ፣ ያሠለጠነው ሰው ራሱ አይመዝንም፤ መዛኞቹ ከኢንዱስትሪውና ከሌላ ተቋም የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ "አሰልጣኜ ያውቀኛል" የሚባል ነገር እዚያ አይሠራም። ሁለተኛ፣ ተቋም ገብቶ ያልተማረ፣ በሥራ ላይ ሙያውን የለመደ ሰውም መመዘን ይችላል። ለዓመታት ከቀጣሪ ቀጣሪ እየዞሩ የሠሩ፣ ወረቀት የሌላቸው አናጢዎች፣ ግንበኞችና ኤሌክትሪሻኖች ይህን መብት አይጠቀሙበትም። መታወቂያቸውን፣ ፎቶግራፍና የሥራ ልምድ ማስረጃ ይዘው በአካባቢያቸው ያለውን የሙያ ብቃት ምዘና ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ክፍያው እንደ ሙያውና እንደ ደረጃው ይለያያል፤ የዕቃ ወጪ ያለበት ሙያ ላይ ከፍ ይላል።

ውጤቱ "ብቁ" ወይም "ገና ብቁ ያልሆነ" ነው። በተግባሩ ጥሩ ሠርቶ በደህንነት ጉዳይ የሚወድቅ ብዙ ነው፤ ነጥብ ተደምሮ የሚያድነው ነገር የለም። በሕንፃ ኤሌክትሪክ ደጋግመን የምናያቸውን እንዘርዝር። ሽቦው ሲላጥ ከልክ በላይ ይላጣል፤ ተርሚናሉ (ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ) ውስጥ ከገባ በኋላ የተራቆተ መዳብ ከውጭ ይቀራል። ሽቦው በጣም አጥሮ ሲላጥ ደግሞ ብሎኑ ልባሱን ነክሶ ይቀራል፤ መብራቱ ይበራል፣ ጥቂት ቆይቶ ግን ይሞቃል። በምላጭ የሚልጥ ሰው መዳቡን ይበጣዋል፤ ሲታጠፍ ይሰበራል። ስለዚህ የሽቦ መላጫ ፒንሳ ተለማመዱ። ማብሪያ ማጥፊያው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ማቋረጥ አለበት፤ ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ካቋረጠ መብራቱ ቢጠፋም አምፖል ማቀፊያው ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ። በዓይን ብቻ ሲታይ ሁሉም ትክክል ይመስላል፤ መዛኙ በቴስተር ሲነካው ይታወቃል። የሶኬቱ የመሬት መስመር ሳይያያዝ የሚቀረው ሰልጣኙ "ያለ እሱም ይሠራል" ብሎ ስለለመደ ነው። ካቻቪቴው የብሎኑን ልክ ካልያዘ ብሎኑ ጭንቅላቱ ተልጦ ሳይጠብቅ ይቀራል። በቱቦ ውስጥ የተጠመዘዘ መቀጠያ መተው ደግሞ በየትኛውም ቦታ የሚያስጥል ነው፤ መቀጠያ በሳጥን ውስጥ ብቻ ነው የሚሠራው።

ከሁሉ የከፋው ሳይፈተሽና ሳይፈቀድ ኃይል መልቀቅ ነው። ቅደም ተከተሉን በእጃችሁ እስኪገባ ተለማመዱት፦ ሥዕሉን ሣሉ፣ ዕቃውን ቁጠሩ፣ ዘርጉ፣ ኃይል ሳይኖር በመልቲሜትር ፈትሹ፣ መዛኙን ጥሩ፣ ሲፈቀድ ብቻ ልቀቁ። ሥዕሉን ዘልሎ ወደ ሽቦው የሚሮጥ ሰው ጊዜ የሚያተርፍ ይመስለዋል፤ ኋላ ግን የጠፋውን መስመር ሲፈልግ ሰዓቱ ያልቃል።

የቃል ጥያቄው ላይ ዝም የሚሉ ጎበዝ እጆች ያሳዝኑናል። መዛኙ የሚጠይቀው "ለምን" የሚለውን ነው። ለሶኬት ለምን 2.5 ካሬ ተጠቀምክ? ለመብራቱ ለምን 1.5? የ16 አምፔር ብሬከሩ ማንን ነው የሚጠብቀው፣ ሰውን ወይስ ሽቦውን? መልሱ ሽቦውን ነው። ሰውን የሚጠብቀው 30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚያቋርጠው የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መከላከያ (አርሲዲ) ነው። ከምዘናው በፊት ሁለት ሆናችሁ አንዱ ሲሠራ ሌላው በየደረጃው "ለምን?" እያለ ይጠይቅ። በአማርኛ መልሱ፤ የመሣሪያውን ስም ሠራተኛው በሚጠራበት ስም ብትጠሩት ማንም አይቀንስባችሁም።

የምስክር ወረቀቱ ሲመጣ ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ቅጂ በቂ ነው። የተጭበረበረ ማስረጃ ስለበዛ ቀጣሪ ወደ ምዘና ጽሕፈት ቤቱ ልኮ ሊያጣራ ይችላል። ስማችሁ በመታወቂያው፣ በትምህርት ማስረጃውና በምዘናው ላይ በአንድ ዓይነት ፊደል መጻፉን ከመመዝገባችሁ በፊት አረጋግጡ። በአንድ ፊደል ልዩነት ምክንያት ወራት የሚያልፍባቸው ሰዎች አሉ።

በወረዳ ወይም በቀበሌ በሚገኘው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ሥራ ፈላጊ ሆናችሁ ተመዝገቡ፤ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሥራ ፈላጊዎች የሚመዘገቡበት የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ስላለው የፋይዳ ቁጥራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሙያችሁ ሲጠየቅ "ማንኛውንም ሥራ" አትበሉ፤ እንዲህ የተጻፈለትን ሰው ማንም ፈልጎ አያገኘውም። ሙያውንና ደረጃውን በትክክል አስጽፉ፤ ስልክ ስትቀይሩም ተመልሳችሁ አሳድሱ። እዚያ ብዙ ጊዜ ተደራጅታችሁ ኢንተርፕራይዝ መሥርቱ ትባላላችሁ። መደራጀት ጥሩ ነው፤ የመሥሪያ ሼድም ብድርም የሚገኘው በዚያ መንገድ ነው። ነገር ግን የስም ቁጥር ለመሙላት ሲባል ከማታውቁት፣ ሙያው ሌላ ከሆነ ሰው ጋር አትደራጁ። ብድሩ በጋራ ነው፤ አንዱ ጥሎ ሲሄድ ቀሪዎቹ ይከፍላሉ። ቢያንስ አንድ ዓመት ተቀጥሮ የዕቃ ዋጋና የደንበኛ ጠባይ ያወቀ ሰው በቡድኑ ውስጥ ይኑር።

ሥራው ሲገኝስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን እወቁ። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ ከ60 የሥራ ቀናት አይበልጥም። በዚያው ቀጣሪና በዚያው ሥራ ላይ ሁለተኛ ጊዜ ሙከራ አይቻልም። ከዚያ በኋላ ሥራው ከቀጠለ ውላችሁ የሚቆጠረው ሙከራው ከጀመረበት ቀን ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ደመወዙንና ሌላውን የያዘ የተፈረመ ወረቀት መስጠት አለበት። "እንተዋወቅ ከዚያ እንጽፋለን" የሚባል ነገር ላይ አትስማሙ።

የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ደመወዛችሁ 6,240 ብር ቢሆን፣ 26 ቀን በ8 ሰዓት ሲባዛ 208 ሰዓት ስለሆነ፣ አንድ ሰዓታችሁ 30 ብር ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለ ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 45 ብር ይሆናል፤ ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ያለው በ1.75 ተባዝቶ 52.50፤ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ 60 ብር፤ የሕዝብ በዓል በ2.5፣ 75 ብር። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለጡረታ ከእናንተ 7 በመቶ፣ ማለትም 436.80 ብር ይቆረጣል፤ አሠሪው ከራሱ 11 በመቶ፣ 686.40 ብር ይጨምራል። የእናንተ 7 በመቶ ተቆርጦ የአሠሪው 11 ሳይገባ የሚቀርበት ቦታ ስላለ የጡረታ መለያ ቁጥራችሁን ጠይቁ፤ ገቢ መደረጉንም አጣሩ።

በግል ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። አዋጁ የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ይደነግጋል፤ ወለሉ ግን ገና አልተወሰነም። ይህ ከሥልጠና ፖሊሲው ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተከፈተውን የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያስታውስ ሰው ያውቀዋል፤ ሴት ልጆች ሠልጥነው ይገባሉ፣ የቤት ኪራዩና ምግቡ ደመወዙን ሲበላው በጥቂት ወራት ይለቃሉ፣ ፋብሪካው እንደገና አዲስ ያሠለጥናል። የለቀቀ ሠራተኛን መተካት የሚያስወጣው ገንዘብ ለነበሩት ቢጨመር ኖሮ ብዙዎቹ ይቆዩ ነበር ብለን እናምናለን።

ስትለቁ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ስጡ፤ ያለዚያ ከ30 ቀን ደመወዝ ያልበለጠ ካሣ ሊጠየቃችሁ ይችላል። የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት የአሠሪው ግዴታ ነው፤ የሥራውን ዓይነት፣ የቆያችሁበትን ጊዜና ደመወዙን ይጻፍላችሁ። ይህን ስትለቁ ብቻ ሳይሆን እየሠራችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ። ለሚቀጥለው ደረጃ ምዘናም ይጠቅማችኋል።

ያልተከፈለ ደመወዝ ወይም ትርፍ ሰዓት ካለ ጊዜ አትስጡት። እንዲህ ያለው ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ፣ ማለትም ጊዜው በማለፉ፣ ይታገዳል፤ ያለአግባብ ተባርሬአለሁና ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚለው ደግሞ በ3 ወር። ለሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ የለም። የሰዓት መዝገባችሁን፣ የደመወዝ ወረቀታችሁንና ውላችሁን ይዛችሁ በቅድሚያ ወደ ክፍለ ከተማው ወይም ወደ ወረዳው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ሂዱ፤ እዚያ ካልተፈታ ወደ ፍርድ ቤት። የሰዓት መዝገብ የሌለው ሰው መብቱን ለማስረዳት ይቸገራል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ የገባችሁበትንና የወጣችሁበትን ሰዓት በራሳችሁ ደብተር ጻፉ።